ለጄኔሬተር ያልተጠየቀ ወረቀት

ካዛንቺስ ላይ መብራት ሲጠፋ በዓይናችሁ ከማየታችሁ በፊት በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ቀን ከሆነ አምፖሉን ማን ያየዋል? መጀመሪያ ከአንዱ ሕንፃ ጓሮ ጄኔሬተር ያስላል፤ ማዶ ያለው ይመልስለታል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ያጓራል። ጥቁሩ ጭስ የእግረኛ መንገዱ ላይ ይወርዳል፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ስኒዎቿን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ለምደነዋል።

እዚሁ ካዛንቺስ ባለ መካከለኛ ሆቴል የጥገና ኃላፊ የሆነ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ብክነት የሚያመው ሰው ነው። አንድ ቀን ምድር ቤት ይዞኝ ወረደ። ከግድግዳው ወዲህ ጄኔሬተሩ አለ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሙቀት ሰው አያስጠጋም። ከግድግዳው ወዲያ ለላውንደሪውና ለሻወሩ ውኃ የሚያሞቅ ቦይለር አለ፤ እሱም የራሱን ናፍጣ ይጠጣል። «አየኸው አይደል? እዚህ ሙቀት እንጥላለን፣ እዚያ ሙቀት እንገዛለን» አለኝ።

እውነቱን ነው። የናፍጣ ጄኔሬተር ከሚጠጣው ነዳጅ ኤሌክትሪክ የሚያደርገው ሲሶውን ያህል ነው። የቀረው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያንን ሙቀት ይዞ ሥራ ላይ ማዋልን ባለሙያዎቹ «ኮጄኔሬሽን» ይሉታል፤ ከአንድ እሳት መብራትም ሙቀትም ማውጣት ማለት ነው። እንጀራዋን ጋግራ በተረፈው ፍም ድስት የምትጥድ እናት ስሙን ባታውቀውም ሥራውን ታውቀዋለች።

ጓደኛዬ ሁለት ነገር አሰበ፤ የጄኔሬተሩን ሙቀት ወደ ውኃው ማዞር፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ 40 ኪሎ ዋት የሚያህል ሶላር መትከል። ለሶላሩ 200 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ይበቃል፤ ሆቴሉ ደግሞ ጣሪያውን የውኃ ታንከርና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ አድርጎታል። የሆቴሉ ባለቤት ሐሳቡን ወደዱት። «ብቻ ወረቀቱ ሕጋዊ ይሁን» አሉ። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው።

የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዬ ከአንድ ቢሮ ጋር አይደለም። አንዱን ቀን አብሬው ሄጃለሁ። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ትሑት ነበር። «ማመንጫ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ፣ ግን ትንሽ ናት፤ ለራሳችን ነው፤ የተረፈ ካለ ምናልባት ወደ መስመሩ…» ጓደኛዬ ሳይጨርስ አንድ የታጠፈ ዝርዝር ተሰጠው። የአዋጭነት ጥናት፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የገንዘብ ምንጭ ማስረጃ። ወረድ ሲል የውኃ ፍሰት መረጃም አለበት። ጓደኛዬ «የእኛ ውኃ የሚመጣው ከቧንቧ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ወጣቱም ገብቶታል። «ይቅርታ፣ ለትንሽ የሚሆን ቅጽ የለንም። ያለው ይሄ ነው፤ የማይመለከታችሁን ጻፉና በደብዳቤ አስረዱ» አለን። እንግዲህ ስለማይመለከታችሁ ነገር የማይመለከታችሁ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ በማኅተም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራው፤ ሌላው «እኛን አይመለከትም» አለ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሲስተም የለም፤ መዝገብ ቤት ፋይሉ አልተገኘም። አራት ወር ሄደ። ባለቤቱ ታከቱና ሁለተኛ የናፍጣ ጄኔሬተር ገዙ፤ ከፊተኛው የሚበልጥ። በአንድ ሳምንት ተጭኖ መጣ፣ ተተከለ፣ ተነሣ። ማንም ምንም አልጠየቀም።

እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው። አራት ወር መመላለሱን ለምደነዋል። ነገር ግን ጭስ ለሚጨምረውና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ለሚያስገዛው መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ያንኑ ናፍጣ ሊቆጥብ ለመጣው ሰው የግድብ ሠሪ ዝርዝር ተሰጠው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1085/2010 ተሻሽሏል፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 447/2011 ተከትሏል። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ፣ አስተላልፎ፣ አከፋፍሎና ሸጦ ለሚነግድ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ለኤሌክትሪክ ባለሙያውና ለተቋራጩም የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው አካል ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል። ከዋናው መስመር ርቀው ላሉ የገጠር ቀበሌዎች በሚኒ ግሪድ ኃይል ለሚያቀርቡም ለብቻው መመሪያ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ለሩቁ መንደር ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ካለ፣ መሐል ከተማ መስመሩ ሥር ለተቀመጠው ትንሽ አመንጪስ ለምን አይሰፋለትም ነው ጥያቄዬ።

ወረቀት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንዱን ወረቀት አጥብቄ እፈልገዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የመብራት ኃይል ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል፤ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ምሰሶው ላይ ይወጣል። በዚያች ሰዓት ከታች ካለ ሕንፃ ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ ከገባ ትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ይሠራል፤ ሽቦው ላይ 15 ሺህ ቮልት ይነሣል። ሰውዬው ልጆች አሉት። ስለዚህ ሶላሩ መስመሩ ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋ ኢንቨርተር ሊኖረው፣ ጄኔሬተሩም ከመስመሩ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝበት ማቀያየሪያ ሊኖረው ግድ ነው። ይህን ባለሙያ ቆሞ አይቶ ይፈርምበት። በጓደኛዬ ዝርዝር ውስጥ ግን ስለ ማቀያየሪያ አንድ ቃል አልነበረም። አዲሱ ጄኔሬተር ሲተከልም መጥቶ ያየ የለም። የውኃ ፍሰት ተጠይቆ ምሰሶ ላይ ያለው ሰው ተረሳ።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቱ ይገባኝ ነበር። የስኳር ፋብሪካዎቻችን የአገዳውን ጭማቂ ከጨመቁ በኋላ የሚቀረውን ገለባ፣ ባጋስ የሚሉትን፣ አንድደው እንፋሎት ያወጣሉ፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞርና ከዚያ ጭማቂውን ያፈላል። አዲሱ የወንጂ ፋብሪካ 31 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው፤ 11ዱን ለራሱ፣ 20ውን ለብሔራዊው መስመር። ፊንጫም እንዲሁ ከፍጆታው የተረፈውን ለመስመሩ እንዲሰጥ ታስቦ ተሠርቷል። እነዚህ ግን የመንግሥት ናቸው፤ ደብዳቤው የሚጓዘው ከመንግሥት ወደ መንግሥት ነው። የግሉ ትንሽ ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ ነው በሩ የትኛው እንደሆነ የሚጠፋው።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ የመለሰው ቆየት ብሏል። አሜሪካኖች የነዳጅ ቀውሱ ከመታቸው በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1978፣ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከትንንሽ አመንጪዎችና ሙቀትና መብራት አብረው ከሚያመርቱ ተቋማት ኃይል እንዲገዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ታዲያ «ትንሽ ነኝ» ባዩ እንዴት ይታወቅ? ፎርም 556 የሚባል ቅጽ አለ። ባለቤቱ ራሱ ይሞላዋል፤ ምን እንደሚያነድድ፣ ምን ያህል እንደሚያመነጭ፣ ሙቀቱን ለምን እንደሚያውለው ጽፎ ለፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ያስገባል። «መስፈርቱን አሟልቻለሁ» ብሎ ያረጋገጠው እሱ ራሱ ነው፤ የኮሚሽኑን ውሳኔ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ከ1 ሜጋ ዋት የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ቅጹን ከማስገባትም ነፃ ነው። የጓደኛዬ ጣሪያ የዚያ 25ኛ እጅ ነበር። እዚያም ቢሆን ሁሉ ሰላም ነው ማለቴ አይደለም፤ ኩባንያዎቹና ትንንሾቹ በዋጋ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይካሰሳሉ። ቢያንስ ግን የሚከራከሩት በዋጋ ነው።

«የእኛ ሰው ራሱ ይሙላ ከተባለ ይዋሻል» የሚለኝ አይጠፋም። ነጋዴው ግብሩን ራሱ አስታውቆ አይደል እንዴ የሚከፍለው? የዋሸ ሲገኝ ይቀጣል፤ የሚዋሽ አለ ተብሎ ግን ለሱቅ የባንክ ሰነድ አይጠየቅም። ሁለት ገጽ ቅጽ፣ የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፊርማ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ከዚያ ድንገት እየመጡ ማየት። ለ40 ኪሎ ዋት ይሄ ይበቃል። ለ40 ሜጋ ዋት ዝርዝሩ ይብዛ፣ ማንም አይቃወምም።

ሌላኛው መከራከሪያ የዓባይ ግድብ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀ 5,150 ሜጋ ዋት ይዘን የሆቴል ጣሪያ ላይ ምን አስወጣን? ደስታው የሁላችን ነው። ሆኖም ካዛንቺስ ላይ መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ጉባ ላይ ውኃ ጎድሎ ሳይሆን፣ አንድ ትራንስፎርመር ስለተቃጠለ ወይም አንድ ቁፋሮ ኬብል ስለበጠሰ ነው። በተቆረጠ መስመር ላይ የግድቡ ትልቅነት ለሆቴሉ ኩሽና አይደርስለትም።

ደግሞስ ጅማሬያችን ምን ነበር? ከካዛንቺስ ሽቅብ በሚታየው በምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1890 ገደማ የበራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት ከአንድ ትንሽ የግቢ ጄኔሬተር የመጣ ነው። ያኔ ብሔራዊ መስመር የሚባል አልነበረም። (የሰፈራችን ስም ራሱ ከቢሮ የመጣ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም «ኢንቺስ» ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወረቀት እዚህ ሰፈር ላይ ቀድሞን ገብቷል።)

ያ አሮጌው ካዛንቺስ አብዛኛው በ2017 መጀመሪያ ፈርሷል። በቦታው አዲስ ጣሪያ፣ አዲስ ምድር ቤት እየተነደፈ ነው። የጭስ ማውጫው ከቦይለሩ ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ፣ ሶላሩ የሚያርፍበት ብረት፣ ማቀያየሪያው የሚቀመጥበት ሳጥን በንድፉ ላይ አሁን ከገባ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግድግዳ መብሳት ነው። ለዚህ ነው ቅጹ ዘንድሮ ቢወጣ የምለው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ፋይሉን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል፤ የውኃ ፍሰት መረጃ የሚለው ላይ በእርሳስ «ቧንቧ» ብሎ ጽፎበታል። እየተሳሳቅን ሳለ መብራት ጠፋ። ሁለቱም ጄኔሬተሮች ተነሡ፣ ከግድግዳው ማዶ ቦይለሩም ናፍጣውን መጠጣት ቀጠለ።