ለጀማሪ የሚሆነው ሞተር የትኛው ነው?

እንደሚታወቀው በሐሙሲትና በአካባቢዋ ለሚመደብ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ሞተር ሳይክል የሥራ እግር ነው። ስለዚህ ተመርቀን ደመወዝ መቁጠር ስንጀምር ብዙዎቻችን የምናስበው ሞተር መግዛትን ነው። ማሰባችን ጥሩ ነው። ችግሩ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። ሁሉም "ስንት ይሮጣል?" ይላል። በእኔ እምነት ግን ጀማሪ መጠየቅ ያለበት "ላቆመው እችላለሁ ወይ?" ብሎ ነው።

እስቲ መንገዳችንን እንይ። ሐሙሲት ያለችው ባሕር ዳርን ከጎንደር በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ነው። እዚያ ላይ አውቶቡሱ፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና አህያው ይጋፋሉ፤ የገበያ ቀን ሲሆንማ ይብሳል። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ቀበሌ ስንታጠፍ ጠጠርና ጥርጊያ መንገድ ይቀበለናል። በክረምት ወደ ፎገራ ሜዳ ከተወረደ ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ አላስኬድ ይላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ሞተሩ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አህያ ይህን አስልታ አትሻገርም።

በመሆኑም ለጀማሪ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ይበቃዋል ባይ ነኝ። "ዳገቱስ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ባለ ካርቡራቶር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ነገር ግን ዳገት የሚወጣው ማርሽ ቀንሶ ነው እንጂ በፉከራ አይደለም። ለብዙ ዓመታት የልማት ሠራተኞችን ገጠር ለገጠር ሲያመላልሱ የምናውቃቸው ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። ኤጂ 100 እንዲያውም ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቱ ሳይቀር ጭቃ እንዳይነካው ተሸፍኗል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቁመትና ክብደት ነው። ስትቀመጥበት ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይንኩ። ቢወድቅ ብቻህን ታነሳዋለህ? ካልሆነ ያንተ አይደለም፤ ሌላ ፈልግ። ይህ በተለይ ለእህቶቻችን ወሳኝ ነው፤ "ሴት ሞተር አትችልም" የሚባለው ወሬ አንዳንዴ የሚመነጨው ሞተሩ ለቁመቷ ስላልተመረጠ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሻጩ በፊት መካኒኩን ጠይቁ። ካንዴላውና የፍሪሲዮን ገመዱ በቅርብ የማይገኝ ሞተር ምን ዋጋ አለው? አሮጌ ከሆነም ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

የመጨረሻው ሄልሜት ነው። ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ እንደሚያሳየው ሄልሜት የሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ይቀንሳል። እኛ ጋ ግን ክንድ ላይ ሲንጠለጠል እንጂ ጭንቅላት ላይ ሲጠለቅ ብዙ አይታይም። ከኋላ የሚፈናጠጠውማ ጭራሽ የለውም። "ብር አነሰን" ካልን ከሞተሩ ጉልበት እንቀንስ እንጂ ከራሳችን አንቀንስ። ወላጅ በሬ ሽጦ ያስተማረው ልጅ የሄልሜት ዋጋ ተቆጥቦ መቀበር የለበትም።

ለአዲስ ሠራተኛ ሞተር የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት ሁለት ሄልሜትና ጥቂት የልምምድ ቀናት ቢሰጡ፣ በኋላ ለሕክምና ከሚወጣው ይረክሳል እላለሁ።