ክረምትና ጡረታ በአንድ ቤት

ዝናብ ሲበረታ ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል፤ ጡረታም ሲመጣ እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር የተገናኙ እንደ ሆነ፥ ቤቱ ወይ ይሞቃል ወይ ይጨልማል። አሁን ሰኔ ገብቶ ደመናው ከብዷልና፥ በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን በአቃቂ የሚኖሩ የአንድ ሽማግሌንና የባለቤታቸውን የክረምት አዋዋል ለመንገር አሰብን። ስማቸውን ከመጻፍ እንድንቈጠብ ለምነውናል፤ ነገራቸው ግን ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ስለ ሆነ በፈቃዳቸው እንጽፈዋለን።

አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለ ስፍራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ፥ ወደ ከተማው የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። መሬቱ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ግን የመንገደኛን ጫማ ከእግሩ ያወልቃል። ከእንጦጦ ወገን የሚወርዱት ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳልና፥ በእነዚህ ሁለት ወራት የአቃቂ ሰው ከደጁ ለመውጣት ብርቱ ምክንያት ይፈልጋል።

ሽማግሌው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ 34 ዓመት አገልግለው፥ ሕጉ በወሰነው በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸውም መምህርት ነበሩና በዓመቱ ተከተሉ። የመጀመሪያው ክረምት እንዴት እንዳለፈ ራሳቸው ሲነግሩን፥ «እኔ ጡረታን ዕረፍት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ባዶነትም እንደ ሥራ ያደክማል» አሉን። ጧት ተነሥተው በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ዝናቡን ይመለከታሉ፤ ስልኩ እንዲደወል ይጠብቃሉ። በቢሮ ሳሉ የመዝገብ ስሕተት ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸውና፥ በቤትም የጨው ዕቃ ለምን ከዚህ ተቀመጠ፥ በሩ ለምን አልተዘጋም እያሉ ስሕተት መልቀም ጀመሩ። ወይዘሮዋ እስከ ነሐሴ ድረስ ታግሠው፥ አንድ ቀን «እኔ 30 ዓመት የሰው ልጅ አስተምሬአለሁ፤ አሁን እርስዎን ለማስተማር ጕልበት የለኝም። እባክዎ የሚሠሩት ነገር ይፈልጉ» አሏቸው። ሽማግሌው ለጊዜው ቢቈጡም፥ ቃሉ እውነት መሆኑን በልባቸው ዐወቁ።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ ሦስት ነገር ወሰኑ፤ ይኸውም እጅ ሥራ እንዳይፈታ፥ እግር መንገድ እንዳይረሳ፥ ደጅም ዘመድ እንዳይጠብቅ ነው። ሦስቱን በየተራቸው እናስረዳለን።

ስለ እጅ ሥራ፥ ወይዘሮዋ ከእናታቸው የተማሩትን ፈትልና ስፌት እንደ ገና አነሡ። አክርማውና ስንደዶው በመስከረም ተለቅሞ ደርቆ ከቤት ተቀምጦ ነበር፤ ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ወስፌ ይዞ መቀመጥ ብቻ ቀረ። ጥጡም ተዳምጦ፥ በደጋን ተነድፎ፥ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። በዛሬ ዘመን ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ልብሱ ይለሰልሳል፥ ሙቀትም ይይዛል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ ብዙ ፈትል ይበላል፤ ወይዘሮዋም ክረምቱን ሙሉ ፈትለው አንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ አወጡ፤ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔም ተሰጠ።

ሽማግሌው ደግሞ በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የጀመሩትን ቁም ጽሕፈት አስታወሱ። የፍየል ቆዳ በውኃ ተነክሮ፥ ተወጥሮ፥ ተፍቆ ብራና የሚሆነው ፀሐይ ባለበት በበጋ ነውና፥ ብራናውን አስቀድመው አዘጋጁ። በክረምት ሥራቸው መቃውን ቀርጾ ብርዕ ማድረግ፥ መሥመሩን በወስፌ ማስመር፥ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ለቅዱሳን ስም እያደረጉ መጻፍ ሆነ። የጀመሩት ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያምን ነው። መጀመሪያ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሁለት ቅጠል አበላሽቶባቸው እንደ ነበር ሳይደብቁ ነገሩን። ነገር ግን የራሳቸውን ስሕተት ማረም ከጀመሩ ወዲህ የቤቱን ስሕተት መልቀም እንደ ተዉ ወይዘሮዋ እየሣቁ መሰከሩልን።

ስለ መንገድ፥ በሳምንት ሦስት ቀን ጧት ይወጣሉ፤ የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ጧቱ ይሻላል። ቦቲ ጫማ አድርገው፥ ከዘራና ጃንጥላ ይዘው፥ ወደ ከፍታው በዝግታ ይወጣሉ። ሰማይ የተገለጠ ቀን በስተ ምሥራቅ ይረር፥ በስተ ምዕራብ ፉሪ፥ በስተ ደቡብም ዝቋላ ይታያል። ከዚያም 50 ደቂቃ ያህል ተጕዘው ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜው ከ65 ዓመት ያለፈ ሰው እንኳ ጤናው ከፈቀደለት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ፥ እንዳይወድቅም ሚዛኑን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲያደርግ ይመክራል። ሽማግሌው ይህን መመሪያ ሳያነቡ በሒሳባቸው ደርሰውበታል። ሆኖም የሞላ ወንዝ ቢያዩ እስኪጐድል ይጠብቃሉ እንጂ አይሻገሩም፤ ነጐድጓድ ሲሰሙም ከዛፍ ሥር አይጠለሉም። ይህን አንባቢዎቻችን እንዲያስቡበት እንለምናለን፤ ክረምት የደፋርን ሽበት አያይምና።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የከበደው ነው። በአገራችን ልማድ ታናሽ ታላቁን ይጠይቃል፥ ልጅም ወደ አባቱ ይመጣል፤ ሽማግሌ ግን በቤቱ ተቀምጦ ጠያቂ ይጠብቃል። እኒህ ባልና ሚስት ይህን ልማድ ሳይንቁ፥ እስኪመጡብን ከመጠበቅ እኛ እንሂድ ብለው ቈረጡ። ከሐምሌ 5 ቀን፥ ከጾመ ሐዋርያት ፍቺ በኋላ፥ በቢሾፍቱ ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ለቡሄም ሙልሙል አስጋግረው ለልጅ ልጆቻቸው አደረሱ። የቀረው የበኵር ልጃቸው ቤት ነበር።

ከበኵር ልጃቸው ጋር ከተኰራረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጁ የመንግሥት ሥራውን ትቶ ወደ ንግድ ሲገባ አባት አጥብቀው ከለከሉ፤ ልጅም አልሰማ አለ፤ ከሁለቱም ወገን ክፉ ቃል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው፥ «ሽማግሌ ልኮ ይታረቀኝ» እያሉ ሲጠብቁ፥ ልጁም «ይጥሩኝ» እያለ ሲጠብቅ ጊዜው አለፈ። በነሐሴ መጨረሻ ጋቢው ከሸማኔ ሲመጣ ወይዘሮዋ አጥፈው ከባላቸው ፊት አስቀመጡትና፥ «ይህ የእሱ ነው፤ የሚያደርሰው ግን እርስዎ ነዎት» አሉ። ሽማግሌው ሌሊቱን አልተኙም፤ በማግሥቱ ግን ጋቢውን በላስቲክ ጠቅልለው፥ በዝናብ ወደ ኮተቤ ሄዱ።

በሩን የከፈተላቸው የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረ። ቀና ብሎ አያቸውና በትሕትና፥ «አባባ፥ ማንን ይፈልጋሉ?» አለ። የልጅ ልጃቸው ነበረ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ተቈረጠ። «በአራት ዓመት ውስጥ ልጄን የቀጣሁ መስሎኝ ነበር፤ የተቀጣሁት ግን እኔ ነኝ» አሉን። ልጃቸው እስኪመጣ ተቀምጠው ጠበቁ፤ እሱም ማታ ገብቶ ባያቸው ጊዜ ምንም ሳይናገር ውኃ አስሙቆ የአባቱን እግር ከጭቃው አጠበ። ስለ ቀድሞው ነገር በዚያ ሌሊት አልተነሣም፤ ዛሬም ቢሆን በንግዱ ነገር አይስማሙም። ነገር ግን ሕፃኑ አሁን በር ሲከፍት ማን እንደ መጣ ያውቃል።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ስላለን፥ ወላጅ ልጁን ቀለብ ሲጠይቅ የሚከፈተውን መዝገብ በእጃችን እንጽፋለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ወላጅ ሲቸገርና ሠርቶ ለመኖር ሲያቅተው፥ ልጅ እንዲቀልበው፥ እንዲያለብሰውና እንዲያሳክመው ያዝዛል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ብዙ ሽማግሌዎችንም ከረኃብ አድኗል። ነገር ግን ጥየቃን የሚያዝ አንቀጽ በውስጡ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ዳኛ በወር ይህን ያህል ብር ስጥ ብሎ ይፈርዳል እንጂ፥ ናፍቀህ ሂድ ብሎ አይፈርድም። ከሳሹ አባት ገንዘቡ ከተፈረደለት በኋላ በበሩ ቆሞ የልጁን ፊት ሲፈልግ አይተናል፤ በመዝገቡ ያልተጻፈው ክስ ያ ነበር።

የዓለም መንግሥታት ድርጅት በ1983 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ቀን የአረጋውያን መታሰቢያ ቀን ይውላል፤ ይህም በእኛ መስከረም 21 ቀን ገደማ ነው። ጃፓኖችም በሴፕቴምበር ወር ለሽማግሌዎች ክብር ሥራ ዘግተው ያከብራሉ። ኦሪት ዘሌዋውያንም ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ለሽበት እንድንነሣ አዝዞናል። ታናናሾች ይህን ይጠብቁ። ታላላቆች ደግሞ ክብር የሚገኘው በመጠበቅ ብቻ አለመሆኑን ከአቃቂው ሽማግሌ ይማሩ።

ስለዚህ እናንተ በመንግሥት ሥራ ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ 60 ዓመት ሳይሞላችሁ እጃችሁ የሚወደውን አንድ ሥራ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ብራናው በበጋ ካልተፋቀ በክረምት አይጻፍበትምና። ጡረታ የወጣችሁም ይህ ሰኔ ሳያልቅ የምትሄዱባቸውን ቤቶች ቍጠሩ፤ የተጣላችሁት ሰው ቤት ካለም ወደ ኋላ አታስቀሩት።

ሽማግሌው የቀድሞ ሥራቸው አልለቃቸውምና፥ ጥየቃን በሒሳብ መዝገብ ይጽፋሉ፤ እነሱ የሄዱበትን በወጪ፥ ዘመድ የመጣበትን በገቢ። ባለፈው ዓመት ወጪው 21፥ ገቢው 9 ሆኖ ተዘጋ። «ይህ ጕድለት አያሳስብዎትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «34 ዓመት ጕድለት ስፈራ ኖሬአለሁ፤ በዚህኛው መዝገብ ግን የሚያሳፍረው ወጪ ማነሱ ነው» ብለው መለሱልን። ከዚያም ከዘራቸውን አንሥተው እስከ ትልቁ መንገድ ሸኙን።

እግዚአብሔር ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ሁላችንን ለቅዱስ ዮሐንስ ያድርሰን።