የሥራ አፈጻጸም ምዘና እና የባለጉዳዩ ምልልስ

መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አፈጻጸም በምን ይመዘን የሚለው ጥያቄ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል።

በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በ100 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተካሄደ ጥናት፣ በግማሾቹ የተማሪዎች ውጤት ሲሻሻል መምህራን እንዲሸለሙ ተደረገ። ሽልማት የተያያዘበት ፈተና ውጤት ከፍ አለ፤ የመምህራኑ ከሥራ መቅረት ግን አልቀነሰም፣ የቤት ሥራም አልጨመረም። የጨመረው የፈተና ዝግጅት ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ብልጫውም ከሽልማቱ በኋላ አልዘለቀም። በናይጄሪያ ከ4,700 በላይ የመንግሥት ፕሮጀክቶችን የመረመረ ጥናት ደግሞ ለሠራተኛው የመወሰን ነጻነት የሰጡ ተቋማት የተሻለ የማጠናቀቅ ውጤት እንዳላቸው፣ ማበረታቻና ቁጥጥር በበዛባቸው ግን ውጤቱ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል።

አንድ የአገልግሎት መስኮት በቀን ባስተናገደው ሰው ብዛት ብቻ ቢመዘን፣ ቀላሉ ጉዳይ መቅደሙ፣ ሰነድ የተጓደለበት ባለጉዳይም «ነገ ይመለሱ» መባሉ አይቀርም። በመዝገብ ላይ ግን (አስገራሚው ይህ ነው) ሁለት ጊዜ እንደተስተናገደ ይቆጠራል። ስለሆነም ጉዳዩ በስንተኛው ምልልስ እንደተፈጸመ አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ተገልጋዮችም ይህንን ቁጥር በአስተያየት መስጫ ቅጽ ላይ ቢያሰፍሩ ምዘናው የጎደለውን መረጃ ያገኛል።