ቀን የተቈረጠለት ሥራ

ሕንፃ ሲመረቅ ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ሪባኑ ከመቈረጡ በፊት ስላለፈው ጭንቀት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዛሬ የአንድ ሕንፃ ነዳፊ ትዝታ እናንሣ።

አርቱሮ መዜዲሚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ኢጣልያ ውስጥ ተወለዱ፤ አሥመራ የገቡትም በወጣትነታቸው ነው። በእጃቸው የነበረው የምስክር ወረቀት የቀያሽነት እንጂ የአርኪቴክትነት አልነበረም። ቢሆንም የአሥመራን መዋኛ ጀምሮ ብዙ ሥራ ሠርተው ስማቸው ተሰማ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ፤ እንግዳው ግን ቤት አልነበረውም። መዜዲሚ ጽፈው እንዳቈዩት፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዳራሹን ሲያዙ በአገራችንም ታላላቅ ሕንፃ መሥራት እንደሚቻል ለማሳየት አስበው ነበር። ሥራው በ18 ወር ተፈጸመ። ከባሕር ማዶ የሚታዘዝ ዕቃ በመርከብ መጥቶ፥ ከወደብ ደጋውን ወጥቶ በሚደርስበት ዘመን 18 ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ፥ አንድ ደብዳቤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ያየ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል!

የአፍሪካ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም መስተዋት የነደፉት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ቻርተር የፈረሙት በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ቤቱ ተሰናድቶ ጠበቃቸው።

ከቸርችል ጐዳና ራስ ላይ ሆኖ ከተማውን ቍልቍል የሚመለከተው ማዘጋጃ ቤትም የእኒሁ ሰው ንድፍ ነው። መዜዲሚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ሮም ላይ ዐረፉ፤ አዳራሹ ግን ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

የነዳፊው ስም በመጽሐፍ ይገኛል። ድንጋይ የጠረበው፥ ሲሚንቶ ያቦካው፥ እንጨት የተሸከመው ግን ስሙ አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዱ ሥራውን ለነገ ቢያሳድር ኖሮ 18ቱ ወር 30 በሆነ ነበር። በጠረጴዛችን ላይ ያለው መዝገብም እንዲሁ ነው፤ ማን እንደ ፈጸመው ባይታወቅም፥ በቀኑ መፈጸሙን የሚጠብቅ ሰው በደጅ ቆሟል።