ማሳሰቢያ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላሉ አጥቢያዎች፣ ስለ ቀደሙት የእመቤታችን ሥዕሎች

ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የምታገለግሉ አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ምእመናን፣ «የደበዘዘውን ሥዕል ስጡን፤ ያማረ አዲስ እናመጣላችኋለን» የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉት። ምትክ ተብሎ የሚመጣው እመቤታችንን፣ ሕፃኑንና አረጋዊ ዮሴፍን በጣሊያን ሠዓልያን አሣሣል የሚያሳይ የማተሚያ ቤት ወረቀት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ በየገበያው ሞልቷል፤ የሄደው ግን አይገኝም።

የፈረንጅ ሥዕል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን እዚሁ ለብዙ ዓመታት ሥሏል። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂም በኢየሱሳውያን በኩል ሲደርስ፣ ሠዓሊዎቻችን የተነባበሩ እጆቿን፣ መሐረቧንና የሕፃኑን መጽሐፍ ተቀብለው፣ ዓይኑንና ቀለሙን የራሳቸው አደረጉ። በየመቅደሱ የምታዩት ምስለ ፍቁር ወልዳ የዚህ ፍሬ ነው። አሮጌ ተብሎ የሚጣል አይደለም።

የጋይንት ቤተልሔምን የድጓ ማስመስከሪያነት የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። የውጭ አገር ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚያ መጥቶ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ለውጭው ዓለም ሲያሳውቅ፣ ካህናቱ ለዘመናት ሲቀድሱበት ኖረዋል። ስለዚህ ፈረንጅ ያልጻፈለት የእናንተ አጥቢያ ቅርስ የለውም አትበሉ።

ብዙዎቹ የግድግዳ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ክዳን ሲያፈስ ይላቀቃሉ፤ ሌባም ገፍፎ እንደ ምንጣፍ ይጠቀልላቸዋል። በውሃና በሳሙና አትጠቧቸው፤ በላያቸውም የዘይት ቀለም አታስቀቡ። ጧፍና ሻማም ራቅ ይበል።

ነገሥታት ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን፣ ኰርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል የብሪታንያ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ለራሱ ወሰደው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያ በጦርነት ሄደ፤ የእናንተ በስጦታ ስም እንዳይሄድ።

ቅርስን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። «አዳሽ ነኝ» የሚል ቢመጣ ከሀገረ ስብከቱና ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጠይቁት፤ ከሌለው በሩን አትክፈቱለት። ሥዕሎቹን ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ በዕቃ ቤቱ መዝገብ አስፍሩ፤ አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ፣ አንዱን ለወረዳው አስረክቡ።