ከብልቃጡ በፊት ጀሪካኑን እንይ

በልደታ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ካሉት ሱቆች በጠዋት ዘይት የሚገዛ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከነበረ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት ደፍርሶ፣ ከሥሩ እንደ ቅቤ ረግቶ ያድራል። ባለሱቁም ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። «የሚረጋው» የምንለው የፓልም ዘይት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ እንወስደዋለን። ግማሽ ያህሉ ግን የሚረጋ ስብ ነው። ይህ ስብ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ ኮሌስትሮሉም በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተከማቸ መተላለፊያውን ያጠብባል።

ከዚያው ሰፈር ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ባልቻ ሆስፒታል ስንሄድ ደግሞ የፋርማሲ መደርደሪያዎች ላይ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል በያይነቱ እናያለን። በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የሚመጣውም ብዙ ነው። ልጅ ለእናቷ የላከችው ብልቃጥ ፍቅር ነውና ማንም አይነቅፈውም። የሚያስፈራን እናት የግፊት መድኃኒቷን አቋርጣ እሱን ስትተማመን ነው።

ይህ ጋዜጣ የሚለው፣ የደም ሥራችን የሚጠበቀውም የሚጎዳውም በድስታችን ነው፤ ገንዘባችንም ቁጥጥራችንም ወደዚያ ይዙር።

የእንክብሎቹ ጥቅም በሁለቱም ፆታ ተፈትሿል። አሜሪካ ውስጥ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ለ10 ዓመት ያህል በተከታተለ ጥናት ቫይታሚን ኢ ድንገተኛ የልብ ሕመምንም ስትሮክንም አልቀነሰም። ከ14 ሺህ በላይ ወንድ ሐኪሞችም ቫይታሚን ኢና ሲ ወስደው ውጤቱ ያው ነበር፤ እንዲያውም ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ላይ በአንጎል ደም መፍሰስ የሚመጣ ስትሮክ በርክቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ሌላ ጥናት የዓሣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀረፋና እርድ በእንክብል ተሰጥተው ከባዶ እንክብል የተሻለ ኮሌስትሮል አልቀነሱም፤ ሐኪም የሚያዝዘው ስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ግን በአነስተኛ መጠን ከሲሶ በላይ ቀንሶታል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ፎሊክ አሲድና አይረን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይወሰድ።

ወደ ድስቱ እንመለስ። በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ ታውቋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ያለበት የጾም ገበታ ለደም ሥር የተመቸ ነው። ሽንኩርቱ በሚረጋ ዘይት ከተቁላላ፣ በላዩም ጨው ከበዛበት ግን የገበታውን በረከት በእጃችን እናጠፋዋለን። የኑግና የሱፍ አገር ሆነን፣ የቅባት እህላችንን ለውጭ ገበያ እየላክን ፓልም በድጎማ ስናስገባ መኖራችን ሊያሳፍረን ይገባል። ድጎማው ኑግ ለሚጨምቀው ይዙር። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በአዋጅ 1112/2011 በተሰጠው ሥልጣን «ኮሌስትሮል ያጠፋል» የሚል ማስታወቂያ ማስረጃውን እንዲያቀርብ ይጠይቅ።

ስለ ሴቶች የምንለው ይቀራል። የልብ በሽታ የወንድ ነው የሚለው እምነት ሰው እየገደለ ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሴቷም የደም ሥር አደጋ ከፍ ይላል። ልቧ ሲታመም ምልክቱ ደረቷን ከመውጋት ይልቅ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብላ ትተኛለች፤ ቤተሰቡም አብሮ ጨጓራ ነው ይላል።

ለልደታ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ የልደታን ንፍሮ ሲቃመስ፣ ከየጤና ጣቢያው አንድ ነርስ የግፊት መለኪያ ይዛ ትምጣ፤ ያን ቀን ጉድ ጉድ የሚሉት እናቶች ደግሞ ቡናውን ለሌላ ሰጥተው ቀድመው ይለኩ።