የቤተ ሰብ ጤና፤ ስለ ኢንፍሉዌንዛ

አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ብለው ያለቀሱበት ደዌ ኢንፍሉዌንዛ ነበረ። ቫይረሱ ብቻውን ሊራባ አይችልም። በትንፋሽ ገብቶ 8 የዘር ክሮቹን ወደ ሕዋሳችን አስኳል ይልካል፤ በዚያም የሕዋሱን መልእክት ጫፍ ቈርጦ ለራሱ መልእክት ራስ ያደርገዋል። ሕዋሱም የገዛ ራሱ ትእዛዝ መስሎት የጠላቱን አካል ይሠራል። 8ቱ ክሮች በሕዋሱ ሽፋን ሥር ከተሰበሰቡ በኋላ ያንኑ ሽፋን ለብሰው ይወጣሉ።

ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ቢገናኙ ግን ክሮቻቸው ይቀላቀላሉ፤ በ1949 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ 3 ክሮች ከአዕዋፍ ቫይረስ የወሰደ ነበረ። ክሮቹ ሲገለበጡም ስሕተት ስለሚበዛ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል።

እንግዲህ ሳል የያዘው ሁሉ አፉን ይሸፍን፥ ከአረጋውያንና ከሕፃናት ይራቅ፤ ይህም ባልንጀራን መውደድ ነው።